የፌንጣ አሯሯጥ

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ ናት። ዳዴ ማለት ሳይጠግብ መራመድ፣ መራመድ ሳይጠግብ መሮጥ የጀመረ ልጅ ነበር። አንድ ቦታ አስቀምጣው ዞር ስትል ሌላ ቦታ ታገኘዋለች። እግሩ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጉልበቱ ከሌላው አካሉ ሁሉ ቀድሞ ያደገ ይመስላል። አንድ ቀን ውሃ የሞላውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘሎ ሲያልፍ አይታ «ይሄስ ፌንጣ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለች፤ በዚያው ቀረ። ትምህርት ቤትም ፌንጣ፣ ሠፈርም ፌንጣ፣ ካደገ በኋላ ጎማ ሲጠግን በሚውልበት ጎሚስታ ቤትም ፌንጣ። የሩጫ ክለቡ ሲመዘግበው እንኳ አሰልጣኙ ትክክለኛ ስሙን ሰምቶ ወዲያው ረሳው።

ታላቅ ወንድሙ የፌንጣን መልክ አያውቀውም። ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ወጥቶበት ዓይኑን አጥቷል። ፌንጣ ሲወለድ እሱ ከጓሮ ውሃ ቀድቶ የሚያመጣ ልጅ ነበር፤ እናቱ ጨቅላውን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና «ይኸው ወንድምህ፤ እንዳትጥለው» አለችው። እሱም ክንዱ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ አባታቸው ሞተ፤ እናትየዋ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረችና ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ መዋል ጀመረች። ሁለቱ ልጆች አንዱ ሌላውን አሳደገ ቢባል ይቀላል። መጀመሪያ ታላቁ ታናሹን አዘለ፤ ኋላ ታናሹ ታላቁን መራ። ተራው የተለወጠበትን ቀን ሁለቱም አያስታውሱትም።

ታላቅየው አድጎ በአንድ ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ተቀጠረ። ሐኪሙም ዘበኛውም «ኦፕሬተሩ» ነው የሚሉት። ፌንጣ ግን «ጋሼ» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይዞ ሥራ ቦታ ያደርሰውና ከዚያ ወደ ጎሚስታው በሩጫ ይሄዳል። ታዲያ ፌንጣ ዝም ብሎ መምራት አያውቅበትም፤ መንገዱን ሁሉ እያወራ ነው የሚሄደው።

«ጋሼ፣ ባለ ፀጉር ቤቷ ዛሬ ፀጉሯን ቀይ ቀብታለች።»

«ያምርባታል?»

«እኔ እንጃ። እስካሁን እሳት አደጋ የጠራ ሰው የለም።»

እንዲህ እያለ የዳቦ ቤቱን ሰልፍ፣ የአዲሱን ፎቅ ከፍታ፣ መስኮት ላይ ቆማ ጥርሷን የምትፍቀውን ሴትዮ ሳይቀር ይነግረዋል። ኦፕሬተሩ ሥራው ሲደርስ ከተማውን ያየ ሰው ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

አብረው መሮጥ የጀመሩት በዝናብ ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ሳሉ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

«ጋሼ፣ እንሩጥ» አለ ፌንጣ።

«አብደሃል?»

«እጄን ያዝ። እግርህን ከእግሬ እኩል ጣል። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ኦፕሬተሩ በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም። እርምጃው ሁልጊዜ በጥርጣሬ ነበር፤ ጫማው መሬቱን ሳይጠይቅ አይረግጥም። ያን ጠዋት ግን የወንድሙን እጅ ጨብጦ፣ «እርከን! ዝለል! አሁን ቀጥታ ነው!» የሚለውን ድምፅ እየሰማ፣ አፉን ከፍቶ ዝናብ እየጠጣ ሮጠ። ሥራው ሲደርስ ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታል፤ ሳቁ አልቆም ብሎታል። የመጀመሪያው ስልክ ሲጠራ «ሆስ... ሆስፒታል» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ምን ሆነሃል፣ አመመህ እንዴ?» አሉ በወዲያኛው ጫፍ ያሉት ሐኪም።

«አይ ዶክተር፣ ሮጬ ነው።»

«ሮጠህ?» አሉ ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ፌንጣ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ አጠር ያለ ማሰሪያ ቆርጦ ሠራ፤ አንዱ ጫፍ በእሱ ግራ እጅ፣ ሌላው በጋሼው ቀኝ እጅ ይጠመጠማል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የክለቡ ልምምድ ሲያበቃ፣ ሌሎቹ ጫማቸውን ሲፈቱ ወንድማማቾቹ ሜዳውን መዞር ይጀምራሉ። አሰልጣኙ ያጉረመርም ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ከልምምድ በኋላ እግርህን አሳርፍ አልኩህ እኮ።»

«ይሄው እያሳረፍኩት ነው፣ አሰልጣኝ።»

ፌንጣ በውድድር ስም ያለው ሯጭ ነበር። ሜዳሊያ ባገኘ ጊዜ በቀጥታ የሚሮጠው ወደ ሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እናቱ በእንፋሎቱ መሃል አንሶላ ስትተኩስ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷ ላይ ያጠልቅላታል። እሷም ቀና ሳትል «ኧረ አውጣልኝ፣ ካውያው ላይ ይወድቅብኛል» ትላለች። ባልደረቦቿ እንደሚናገሩት ግን፣ እሱ ከወጣ በኋላ ሜዳሊያውን ከሽርጧ ሥር ከትታ ነው የምትውለው።

ሞቱ እንደ ሕይወቱ ፈጣን ነበር። አንድ ከሰዓት ከጎሚስታው ቤት ቀደም ብሎ መጣና «ራሴን አመመኝ» ብሎ ተኛ። ፌንጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲተኛ ያ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ አንገቱ አልታጠፍ አለው፤ ብርሃን አስጠላው። የልጅነት ጓደኛው፣ በርሜል የሚባለው፣ ታክሲውን ይዞ መጣና ወንድሙ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ወሰዱት። የማጅራት ገትር ነው ተባለ። እናትየዋ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ኦፕሬተሩ ታች ስልኩን ያነሳል፤ የሚተካው ሰው ሲመጣ ደረጃውን በእጁ እየዳሰሰ ይወጣና የወንድሙን እጅ ይይዛል። እጁ ይፈጃል፤ በሽታው እንኳ ያላጠፋው የጎማ ሽታ ግን አለው።

«ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜ አንሮጥም መሰለኝ» አለ ፌንጣ።

«በሚቀጥለው እንሮጣለን።»

«ታዲያ ብቻህን እንዳትሄድ። ከግንቡ ጋር ትላተማለህ።»

«ግንቡ ይጠንቀቅ» አለ ኦፕሬተሩ። ፌንጣ ለመሳቅ ሞከረና አመመው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የውስጥ መስመሩ ጠራ። ኦፕሬተሩ ጣቱ ሲነካው ፌንጣ ከተኛበት ዋርድ የመጣ ስልክ መሆኑን አውቋል። እንደ ወትሮው «ኦፕሬተር» አለ። ከወዲያ መልስ የለም። ትንፋሽ ብቻ። ትንፋሹ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ነው፤ ሴትዮዋ ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ አየር ሳብ ታደርጋለች። አንድ ቦታ አገናኘኝ ልትለው ነው የደወለችው፤ ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ረስታ።

«ሲስተር?» አለ።

ስልኩ በቀስታ ተዘጋ።

ኦፕሬተሩ እንደተቀመጠ ቀረ። ወዲያው ሌላ መስመር ጠራ፤ አነሳው። አንዲት ሴት የሕመምተኛ መጠየቂያ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቀችው፤ በትክክል ነገራት፤ እግዜር ይስጥልኝ አለችው፤ አብሮ ይስጠን አላት። ከዚያ ተነሳና በሩን ፈለገ። ዓመታት የሠራበት ክፍል ነው፤ ያን ቀን ግን በሩን አጣው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ፤ ተላላኪዋ ገብታ ክንዱን እስክትይዘው ድረስ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር።

ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ጎረቤቱ፣ ሯጩ፣ ጎማ ያስጠገነ ሹፌር ሁሉ መጣ። ሁሉም ስለ ፌንጣ የሚያወራው ነበረው። የጎሚስታው ባለቤት፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሽማግሌ፣ «የከባድ መኪና ጎማ እየፈታ ስለ እናቱ ነው የሚያወራው፤ ባላያት እንኳ መንገድ ላይ ብትገጥመኝ እለያት ነበር» አሉ። ባለ ፀጉር ቤቷ በየጠዋቱ ስለ ፀጉሯ ቀለም አስተያየት ይሰጣት እንደነበር እያለቀሰች ተናገረች። ኦፕሬተሩ ጥግ ይዞ ሁሉንም ሰማ። ስለ ወንድሙ ይህን ያህል ወሬ መኖሩ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቤቱ እየጎደለ እየጎደለ የመጣ መሰለው። የሚመጣው ሰው ሳሳ። ከዚያ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

ዓይን ያለው ሰው የሞተበትን ሰው አልጋ፣ ልብስ፣ ፎቶ እያየ ይብሰለሰላል። ኦፕሬተሩ ያጣው ድምፅ ነው። ፌንጣ በሩን በእግሩ ነበር የሚከፍተው፤ እጁ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዟል። ጫማውን ሲያወልቅ አንዱ አልጋ ሥር፣ ሌላው ግድግዳ ጋ ይወድቃል። ሲበላ ያወራል፤ ሲታጠብ ይዘፍናል፤ ዝም ካለ ተኝቷል ማለት ነው። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የውሃው ቧንቧ ጠብታና የእናትየዋ ነጠላ ጫማ ነው። እሷም ከሥራ መጥታ ራት ታቀርባለች።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ጨምር።»

«ይበቃኛል።»

ከዚያ ሬዲዮው ብቻ ያወራል።

ወደ ሥራ በበትር መሄድ ጀመረ። መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚጠፋበት ነገር የለም። ግን ወሬ የሌለው መንገድ ሆነበት። የባለ ፀጉር ቤቷ ፀጉር አሁን ምን ዓይነት እንደሆነ አያውቅም፤ ቆሞ «ዛሬ ምን ቀለም ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አሳፈረው። አዛኞች እንደ ዕቃ እጅጌውን ጎትተው መንገድ ያሻግሩታል፤ አንዳንዴም ሊሻገር ያልፈለገውን። ሥራ ቦታ ሻይ ክፍል ሲገባ ሳቅ ይቆማል። ተጫወቱ እንጂ ሊላቸው ያስብና መልሶ ይተወዋል፤ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ስልኮቹ ይመለሳል።

አንድ ቀን የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ወደ ክፍሉ ወርዳ መጣች። በሩ ጋ ቆማ አየር ሳብ ስታደርግ አወቃት።

«ግቢ፣ ሲስተር።»

«ያን ቀን ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ ቃል ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር ለመደወል እንኳ እየፈራሁ፣ ለጉዳዬ በእግሬ ነው የምሮጠው።»

«ለእኔ ካንቺ ትንፋሽ መስማቴ ይሻለኛል» አላት። «ሌላ ሰው ቢሆን ብዙ ያወራ ነበር።»

ትከሻውን ነካ አድርጋው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ከዋርዱ ስልክ ተደወለ፤ «ኦፕሬተር፣ መድኃኒት ቤት አገናኘኝ» አለችው። አገናኛት።

ቅዳሜ ሲመጣ ይብስበታል። እግሩ ቀኑን ያውቃል። ከሰዓት ሲሆን የሩጫ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ተረከዙ ወለሉን ይመታል። ሲመሽ ጫማውን ፈትቶ ቦታው ይመልሰዋል። እናቱ ጫማውን እያየች አልፋ ራት ታቀርባለች።

እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ። በርሜል ነው። ስሙ እንደሚናገረው ወፍራም ነው፤ በሩ ላይ ሲቆም ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ይቀንሳል።

«ጋሼ፣ ተነስ። ቱታህን ልበስ።»

«ወዴት?»

«ሜዳ።»

«ከማን ጋር ልሮጥ?»

«ከእኔ።»

ኦፕሬተሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። «በርሜል፣ አንተ ከታክሲ ወንበር ተነስተህ ሽንት ቤት ስትሄድ ነው የምትደክመው።»

«ትንፋሼን የምትቆጥር ሚስት መሰልክ» አለ በርሜል ተኮሳትሮ። «ፌንጣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አንተ ታች ስትሆን፣ ብቻውን እንዳትተወው አለኝ። እኔ ደግሞ ስፈራ ስቸር ይሄን ያህል ጊዜ አሳለፍኩ። በል ተነስ፣ ሳልመለስ።»

ሜዳ ሄዱ። የጎማ ላስቲኩን ማሰሪያ በየእጃቸው ጠመጠሙ። በርሜል እንደ ፌንጣ ሊሆን ፈልጎ ገና ሲነሱ «አሁን ቀጥታ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጥቂት እንደሄዱ ትንፋሹ እንደ አሮጌ ሞተር ማንኳኳት ጀመረ። እርምጃው ከኦፕሬተሩ እርምጃ ጋር አልገጥም አለ፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል። ማሰሪያው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል። ኩርባው ጋ ሲደርሱ በርሜል ለመናገር የሚሆን ትንፋሽ አልቀረውም። ኦፕሬተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ማሰሪያው በርሜልን ጎተተው፤ እግር ለእግር ተጠላልፈው ሣሩ ላይ ተዘረሩ።

«ተጎዳህ እንዴ?» አለ በርሜል ከሥር ሆኖ።

«ያረፍኩት አንተ ላይ ነው። ምን እሆናለሁ?»

ሁለቱም ሳቁ። በርሜል ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ረዘመ፤ ረዝሞ ረዝሞ ሌላ ነገር ሆነ። ኦፕሬተሩ ጓደኛው ሲያለቅስ ጎኑ ተጋድሞ ሰማው። እንዲያቆም አልነገረውም። ሲበርድለት ጠየቀው፦

«በርሜል፣ እንዴት ነበር የሚሮጠው?»

«ማን፣ ፌንጣ? አብረኸው ስትሮጥ አልነበር እንዴ?»

«ከእኔ ጋር ሲሆን አውቀዋለሁ። እሱ ግን ለእኔ ብሎ ቀስ እያለ ነው። ብቻውን፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሮጥ እንዴት ነው?»

በርሜል አፍንጫውን ጠራረገ። «ጥሩ ነበር የሚሮጠው።»

«ጥሩማ ጥሩ ነው። እንዴት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ፈጣን ነው። በቃ... ዓይንህ ሳይጠግበው ያልፋል። እኔ መናገር አልችልበትም፤ መናገር የሚችለው እሱ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ ራት ሲበሉ ኦፕሬተሩ ጥያቄውን ወደ እናቱ አዞረው።

«እማዬ፣ ፌንጣ አሯሯጡ እንዴት ነበር?»

የሹካዋ ድምፅ ቆመ።

«እኔ መች አየሁት?» አለች።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። ዕረፍት ወስጄ ልምጣ ስለው ‹አንቺማ እንዳትመጪ፤ ካየሁሽ ወዳንቺ ነው የምሮጠው፣ መጨረሻው መስመር ይቀርብኛል› ይለኝ ነበር። ቀልዱን ነው። እኔም አንድ ቀን ሳልነግረው ሄጄ ተደብቄ አየዋለሁ እያልኩ...» ሳትጨርሰው ተወችው። ቆይታ ደግሞ «እኔ የማውቀው ሳፋ ሲዘል ነው» አለች።

ኦፕሬተሩ ይህን አስቦት አያውቅም። ያላየው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ከአንድ ልጅ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ኖረው፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ነገሩን ሁለቱም ሳያዩት ቀርተዋል።

እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆቴሉ የእሑድ ፈቃድ ጠየቀች። በርሜል ታክሲውን አጥቦ መጣ፤ እሷ ከፊት፣ ኦፕሬተሩ ከኋላ ተቀምጠው ሜዳ ደረሱ። ሯጮቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። እግሮች ባጠገባቸው ሲያልፉ አፈሩ ይንሿሿል። አሰልጣኙ ሲያያቸው ፊሽካውን ከአፉ አወጣና መጣ። ወሬ የማይወድ፣ ቃል ሲያወጣ የሚያመው የሚመስል ሰው ነው።

«እናታችን፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። ልጄ አሯሯጡ እንዴት ነበር?»

 ኦፕሬተሩ የፊሽካው ሰንሰለት በአሰልጣኙ ጣቶች መሃል ሲሽከረከር ይሰማዋል።

«ሲነሳ ሰነፍ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ፊሽካ ስነፋ ሁሉም ይፈተለካል፤ እሱ አንድ ነገር ረስቶ የሚያስብ ይመስላል። አጋማሹ ላይ ነው የሚነቃው። ራሱን አያነቃንቅም። ትከሻው ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥበት አይፈስም። ወደ መጨረሻ ሌላው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሱ ይስቃል። ሳቁ ተፎካካሪዎቹን ያናድዳቸው ነበር።»

እናትየዋ «እህ» አለች፤ ቀጥል ማለቷ ነው።

«አንድ ጉድለት ነበረበት። የግራ እጁ።»

«ምን ሆኖ?»

«ሯጭ እጁን ሰብስቦ ነው የሚያወናጭፈው። የእሱ ቀኙ ልክ ነው። ግራው ግን ከጎኑ ወጣ፣ ወደ ኋላ ቀረት ይላል። ይሄ እጅ ያዘገይሃል ብዬ ስንት ጊዜ ጮኬበታለሁ። ለጥቂት ርቀት ያስተካክለዋል፤ ሲደክም ይረሳና እዚያው ይመለሳል። ‹ጋሼን መያዝ ለምዶብኝ ነው፣ አሰልጣኝ› ይለኛል። ብቻውን እየሮጠ እንኳ እጁ ሰው እንደያዘ ነው።»

 ሯጮቹ ደግመው አለፉ።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ ኦፕሬተሩ።

«ቢነግርህ መሮጡን ታቆም ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ያቆም ነበር። ኦፕሬተሩ ወደ አሰልጣኙ ጠጋ አለ። «እስቲ አሳየኝ» አለ።

አሰልጣኙ አልገባውም። ሲገባው ፊሽካውን ኪሱ ከተተና እንደሚሮጥ ሰው ሰውነቱን ወደ ፊት ዘመም አድርጎ ቆመ። ኦፕሬተሩ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ ያልተነቃነቀውን ራስ፣ የላላውን ትከሻ፣ ተሰብስቦ ደረት አጠገብ ያለውን ቀኝ ክንድ። ከዚያ ወደ ግራው ዞረ። ክንዱ ከጎኑ ራቅ ብሎ፣ ክርኑ በትንሹ ታጥፎ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ግማሽ ተጨብጦ ነበር። ኦፕሬተሩ ያን መዳፍ ያውቀዋል። ከፍታው በትክክል የእሱ እጅ የሚደርስበት ላይ ነው። የአሰልጣኙ እጅ ሻካራ፣ አጭር ጣት ያለው፣ የሌላ ሰው እጅ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ቶሎ አልለቀቀውም።

«አየሽው፣ እማዬ?»

«አየሁት» አለች እናቱ በቀጭን ድምፅ።

ልምምዱ አልቆ ሯጮቹ እየተጫጫሁ ወጡ። በርሜል ታክሲው ውስጥ ቁጭ አለ። እናትና ልጅ ሜዳው ዳር ካለው የሲሚንቶ እርከን ላይ ተቀመጡ። ንፋሱ አቧራ ያመጣል።

«ምን ይታይሻል?» አላት።

«ምን ይታየኛል፤ ሜዳ ነው።»

«ንገሪኝ እስቲ።»

«ሣሩ ደርቋል። ውሻ አለ።»

«ምን ዓይነት ውሻ?»

«ውሻ ነዋ። ተኝቷል።»

ፌንጣ ቢሆን የዚያን ውሻ ትውልድ ቆጥሮ፣ ማንን ነክሶ ከየት እንደተባረረ ሁሉ ይነግረው ነበር። እናቱ ግን የምታየውን አንድ በአንድ፣ አንሶላ እንደምታጥፍ ሰው እየተጠነቀቀች ተናገረች፦ ነጩ መስመር በከፊል ጠፍቷል፤ በወዲያኛው በኩል ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ የልጅ ካልሲ ተሰጥቷል። ብዙ ዝምታ በመሃል ነበረበት። ኦፕሬተሩ አላቋረጣትም። ከቀብሩ ወዲህ እናቱ ይህን ያህል ስታወራ አልሰማትም።

«እንዙረው» አለች ድንገት።

«ጉልበትሽስ?»

«ቀስ ብለን።»

ክንዱን ያዘችው። የእሷ እርምጃ አጭር ነው፤ ከእንፋሎቱና ከመቆሙ ብዛት አንደኛው ጉልበቷ አይታጠፍም። ሩቁ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ቆመች። መጀመሪያ እያረፈች መሰለው። ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ ውሃ ስታቀርብ፣ ወንበር ስታስጠጋ ነበር እንጂ አላለቀሰችም። አሁን ባዶ ሜዳ መሃል፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ግንባሯን የልጇ ትከሻ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እሱም ያለቀሰው ያኔ ነው። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋው፤ አንዳቸው ሌላውን ደግፈው ቆሙ።

በርሜል ከሩቅ አያቸው፤ ከታክሲው ግን አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ አሰልጣኙ አብሮት የሚሮጥ ከክለቡ ሯጮች አንዱን ለኦፕሬተሩ ሰጠው፤ ረጋ ያለ፣ ከማተሚያ ቤት የሚመጣ ወጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይሮጣሉ። ወጣቱ እግሩን አስተካክሎ ይጥላል፤ «ኩርባ»፣ «ቀጥታ» ይላል፤ ከዚያ ውጭ ቃል አይወጣውም። መጥፎ ልጅ አይደለም። ኦፕሬተሩ ላብ በላብ ሆኖ ይጨርሳል፤ ያመሰግነዋል፤ እጃቸውን ይፈታሉ፤ ልጁ ወደ ቤቱ፣ እሱ በበትሩ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። መንገዱ አሁንም ዝምተኛ ነው። እናቱ ከሥራ ስትመጣ አንዳንድ ቀን፣ ሳይጠይቃት፣ በአውቶቡስ መስኮት ያየችውን ትነግረዋለች፦ አንድ ሰው መስታወት ተሸክሞ ሲሻገር አየሁ፤ ዳቦ ቤቱ በሩን ቀለም ቀብቷል። አሳጥራ ነው የምትነግረው፤ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ትረሳዋለች። እሱ ሹካውን አስቀምጦ እስክትጨርስ ይሰማታል።